የአራተኛው ሰው ክብደት

በሩ ሲከፈት ከሬሳው በፊት የተቀበላቸው ሽታው ነበር። የሰነበተ ካልሲ፣ የደረቀ ላብ፣ ከሥር ከሥሩ ደግሞ የሽንት ቤት መድኃኒት፤ ሁሉም አንድ ላይ ታሽቶ፣ ለወራት ታምቆ የከረመ ሽታ። መርማሪዋ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ገባች። ሳጅኑ ግን ደጃፉ ላይ ቀረ።

«ግባ እንጂ። የሞተ ሰው አይናከስም።»

«የሞተውን ማን ፈራው፣ ኢንስፔክተር? በሕይወት ያሉት እዚህ ውስጥ እንዴት እህል እንደሚወርድላቸው ነው የገረመኝ።»

ቤቱ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ብረት ነው። ተቋሙ አራት ሰዎችን ወደ ማርስ ለመላክ ሲዘጋጅ፣ ተጓዦቹ ታሽጎ መኖርን እንዲለምዱ ብሎ በሕንፃው ምድር ቤት ያሠራው ነው። እዚህ ውስጥ የሚባክን ነገር የለም። ሽንት ተጣርቶ ይጠጣል፤ ትንፋሽ ታጥቦ ተመልሶ ይተነፈሳል። ይህን የሚያስረዳ ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ጥርሱን ገልፍጧል።

ሟቹ ጠባብ አልጋ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። አንሶላው በላብ ርሷል፤ አንድ እጁ የሸሚዙን አንገትጌ ጨምድዶ እንደያዘ ደርቋል። ዕድሜው ወደ ስድሳ ቢጠጋ ነው። በሕንፃው ውስጥ ሰው ሁሉ «ሚዛን» ይለዋል። ሥራው ሰው ወደዚያች ፕላኔት ሄዶ የሚመለስባቸውን መንገዶች ማወዳደርና ለእያንዳንዱ ዋጋ ማውጣት ነበር። ሰሞኑን አንድ ሰው በቀን ምን ያህል አየርና ውኃ እንደሚጨርስ በራሱ ላይ ለመለካት ብቻውን እዚህ ያድር ነበር። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቦርዱ ተሰብስቦ ከመንገዶቹ አንዱን ሊመርጥ ነው፤ ሚዛን ያልመሰከረለትን መንገድ ደግሞ ቦርዱ ዞር ብሎ እንደማያየው የታወቀ ነው።

በሩን ጠዋት የከፈተው ዘበኛ ኮሪደሩ ላይ ራሱን ይዞ ተቀምጧል።

«ገብቼ ስጠራው ዳገት የወጣሁ ይመስል ትንፋሽ አጠረኝ» አለ። «ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። በማራገቢያ አየሩን እስኪቀይሩት ድረስ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።»

ሁለት ሠራተኞች ቃሬዛ ይዘው መጥተው ሬሳውን ተሸከሙ። ደጃፉ ላይ፣ ወለሉ ውስጥ የተቀበረ ሰፊ የብረት ሚዛን አለ። እዚያ ሲደርሱ ቃሬዛውን ቀስ አድርገው አስቀመጡና ቁጥሩ እስኪቆም ጠበቁ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» ጮኸች መርማሪዋ።

«ልማድ ሆኖብን ነው» አለ አንደኛው አፍሮ። «ወደዚህ ቤት የሚገባም የሚወጣም ሳይመዘን አያልፍም። ጣሳም ይሁን መጥረጊያ፣ ሰውም ቢሆን። የሕንፃው መውጫ ላይም እንደዚሁ ነው። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።»

መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ያላየችው የሬሳ ዓይነት የለም። እንደ ስኳር ጆንያ ሲመዘን ግን አላየችም። ፊቷን አዙራ ደረጃውን ወጣች።

ዳይሬክተሩ ከጠረጴዛው ኋላ ብድግ ብሎ ተቀበላት። ፊቱ የተላጨ፣ ከረባቱ የተስተካከለ፣ ኀዘኑም ልክ እንደ ከረባቱ በልክ የታሰረ ነው።

«ታላቅ ሰው ነበር» አለና ሰዓቱን አየ። «አስከሬኑን በጓሮ በር ማውጣት ይቻል ይሆን? የቦርዱ አባላት በፊት ለፊት ነው የሚገቡት።» ቀጥሎ ብርጭቆ ቀዳላት። «ይቅመሱት፤ ከታችኛው ቤት የተጣራ ነው። ከሚሸጠው ይበልጣል።»

ብርጭቆውን በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ አራቀችው። «መንገዶቹን ለማያውቅ ሰው እንደሚነገር አድርገው ይንገሩኝ።»

«አንደኛው የመሐንዲሱ ነው። መሄጃውንም መመለሻውንም፣ ነዳጁንም ሁሉ ከዚሁ ጭኖ የሚሄድ ግዙፍ መርከብ። አስተማማኝ ነው፤ ዋጋው ግን አገር ያሸጣል። ሁለተኛው የኬሚስቷ ነው። የመመለሻዋን መንኮራኩር ባዶ ታንክ ይዛ አስቀድመን እንልካታለን። እዚያ ካለው አየር ነዳጇን ራሷ እየሠራች ትጠብቃለች፤ ሰዎቹ ከኋላ ይደርሱባታል። ዋጋው የመጀመሪያውን ሲሶ አይሞላም።»

«ሌላስ የለም?»

ዳይሬክተሩ ፈገግ አለ። «ከሁሉ የሚረክሰው አለመመለስ ነው። ሰዎቹን ልኮ እዚያው መተው። እሱን ጥለነዋል። ሕዝብ ይጸየፈዋል።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ… እኔም ከሕዝቡ አንዱ ነኝ።»

«ያ ቤት አየሩ ሲበላሽ የሚጮህ ደወል የለውም?»

«አለው። ያለምክንያት እየጮኸ ዘበኞቹን ስላስመረረ ማታ ማታ እንዲዘጋ አዝዣለሁ። ይህን ሁሉም ሠራተኛ ያውቀዋል።» ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የተናገረው።

የተቋሙ ሐኪም ከቢሮው ውጭ ሲጠብቃት ነበር። እጁን ደጋግሞ በአልኮል የሚያሽ ቀጭን ሰው ነው። ከሟቹ ክፍል የወጡትን አራት ጣሳዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድሯል። በእያንዳንዱ ጣሳ ጎን ትንሽ መስታወት አለ፤ በመስታወቱ ውስጥ ሐምራዊ ጠጠር ይታያል።

«አደጋ ነው» አለ። «አዲሱ ጠጠር ነጭ ነው። ከትንፋሽ የሚወጣውን የተቃጠለ አየር እየጠጣ ሲጠግብ ሐምራዊ ይሆናል። ያኔ ይቀየራል። ሚዛን ሳይቀይር እንቅልፍ ወሰደው።»

«ማታ ሲገቡ ነጭ ነበሩ?»

«ነጭ ነበሩ እንጂ! ቀን እኔ ራሴ እስከ አፋቸው ሞልቼ ኮሪደሩ መደርደሪያ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። ማታ ዘበኛው መዝኖ በሩ ላይ ባለችው ትንሽ የዕቃ ማስገቢያ አስገባለት።»

«መደርደሪያው ይቆለፋል?»

«ጠጠር ማን ይሰርቃል ብለው ነው?»

«አዲስ ጣሳ ስንት ይመዝናል?»

«አምስት ኪሎ። ከዚያ ዝንፍ ካለ ዘበኛው አያስገባውም።»

መርማሪዋ አንዱን ሐምራዊ ጣሳ አንስታ ወዘወዘችው። ውስጡ ተንሿሿ። ከመጋዘን የመጣ አዲስ ጣሳ አስመጥታ ወዘወዘች፤ ድምፅ የለውም። ሐምራዊውን ጥግ ላይ ባለው የዕቃ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። አምስት ኪሎ ከእፍኝ የማይሞላ ትርፍ ጋር።

«ዶክተር፣ የጠጣ ነገር አይከብድም?»

«ይከብዳል እንጂ። ያለቀ ጣሳ ቢያንስ ኪሎ ያህል ይጨምራል…» ሐኪሙ ቁጥሩን አየ፤ እሷን አየ፤ እንደገና እጁን በአልኮል ማሸት ጀመረ።

መሐንዲሱን በቢሮው እንቁላል በዳቦ እየበላ አገኘችው። ከሥሩ ያለው ወንበር የሚያሳዝን ግዙፍ ሰው ነው። የዳቦ ፍርፋሪና የእንቁላል ቅባት የመርከቡ ንድፍ ላይ ተራግፏል፤ እሱ በክንዱ ጠረግ እያደረገ ይናገራል።

«ትናንት ከሟች ጋር በሰው ፊት ተሰዳድባችኋል።»

«ተሰዳደብን እንጂ!» አፉ እንደሞላ ነው። «‹መርከብህ ነዳጅ ተሸክሞ ነዳጅ የሚበላ ዓሣ ነባሪ ነው› አለኝ። እኔም የምለውን አልኩት። ልገድለው ብፈልግ ግን እዚያ ክርፋት ውስጥ ምን ይወስደኛል? ደግሞ ለምን ልግደለው፤ ማታ ራሱ ደውሎልኝ ነበር። ‹ነገ አንተን ደስ የሚያሰኝ ነገር ትሰማለህ፤ እኔን ግን አንጀቴን እያቃጠለኝ ነው› ብሎ ዘጋው።»

«ምን ይመስልዎታል ነገሩ?»

«እኔ እንጃ። እኔን ካስደሰተ ያቺን ሴትዮ ያስለቅሳል ማለት ነው።» ይህን ብሎ ጣቱን ላሰ።

ኬሚስቷ በእርግጥም እያለቀሰች ነበር። ያለችበት አዳራሽ በመሬት ወለሉ ላይ፣ ከሕንፃው ዋና መውጫ ጋር ፊት ለፊት ነው። መሐሉ ላይ የመመለሻዋ መንኮራኩር ናሙና ቆሟል። በሩ ክፍት ስለሆነ ውስጡ ያሉት አራት ወንበሮች ይታያሉ፤ በየወንበሩ ሰው የሚያካክል አሻንጉሊት በቀበቶ ታስሮ ተቀምጧል። አሻንጉሊቶቹ የየተጓዡ ስም የተጠለፈበት ቱታ ለብሰዋል። ባለፈው ሳምንት ሞተሩ መንኮራኩሯን ከነአራት ሰው ክብደቷ ከመሬት ሲያነሳት ሕንፃው በጭብጨባ ተናውጦ ነበር።

ኬሚስቷ ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ ሽቶዋ ደስ የሚል ሴት ናት። በዚያ ሕንፃ ውስጥ መርማሪዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያስተነፈሳት የእሷ አዳራሽ ነው። ትከሻዋ ላይ አንዲት ወጣት ተደግፋ ትንሰቀሰቃለች። የሟቹ ልጅ ናት፤ ከአራቱ ተጓዦችም አንዷ። ሦስቱ ለልምምድ ሌላ ቦታ ናቸው።

«አክስቴ ነው የምላት» አለች ልጅቷ አፍንጫዋን እየጠረገች። «የእናቴ ጓደኛ ናት። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት።»

«አባትሽ ትናንት የተለየ ነገር ነግሮሽ ነበር?»

«አልነገረኝም። ግን… ኮሪደር ላይ አገኘኝና አነሳኝ።»

«አነሳኝ ስትይ?»

«እንደ ሕፃን ብብቴን ይዞ፤ ከወለል። ወገቡን ያመዋል፤ ቦርሳ እንኳ አያነሳም ነበር። አስቀመጠኝና ‹አየሽ! አንቺ ትከብጃለሽ› አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ወፍረሻል ሊለኝ መስሎኝ ሳቅሁበት።» ድምፅዋ ተቆረጠ። «ሳቅሁበት እኮ።»

ኬሚስቷ የልጅቷን ፀጉር እየዳበሰች ነበር። እጇ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ማባበሉን ቀጠለ።

«ወደ ታችኛው ቤት ይወርዳሉ?» ጠየቀቻት መርማሪዋ።

«ሽታውን አልችለውም። ከዓመት በላይ አልወረድኩም።»

ከቀትር በኋላ ሳጅኑ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ደጃፍ እየሮጠ መጣ። ሲሮጥ ያየችው የመጀመሪያ ቀን ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ጠረጴዛው ላይ የተዉት ጣሳ! ሐምራዊ አልነበረም?»

ጣሳው እንደነበረ ነው፤ ማንም አልነካውም። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ጠጠር ግን እንደ ወተት ነጭ ሆኗል። ሐኪሙ ተጠራና ጣሳውን ሲያይ ላብ አጠመቀው።

«ሲያርፍ ቀለሙ ወደ ነጭ ይመለሳል» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ውሸቱን ነው። የጠገበ ጠግቧል፤ ምንም አይጠጣም። ትንሽ ትንፋሽ ሲነካው መልሶ ሐምራዊ ይሆናል። ጠጠሩን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል።»

«ጠጠሩን የሚያውቀው ማን ነው?»

«እኔ። ኬሚስቷም።» ከዚያ ደነገጠ። «እኔ አይደለሁም!»

መርማሪዋ ሳጅኑን ያለቁ ጣሳዎች ወደሚከማቹበት ክፍል ላከችው፤ ዘበኛውን ደግሞ ስለ ቆሻሻ ጠየቀችው። ከዚያ ብቻዋን ወደ አዳራሹ ገብታ መንኮራኩሯ ውስጥ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«ሁሉንም ጥራቸው» አለችው ሳጅኑን። «እዚሁ።»

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን እያየ፣ መሐንዲሱ ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ፣ ሐኪሙ ግድግዳ ይዞ፣ ኬሚስቷ ልጅቷን አቅፋ ቆሙ። ዘበኛው መውጫው ላይ ካለው ሚዛን አጠገብ ነው።

«ሚዛን በአደጋ አልሞተም» አለች መርማሪዋ። «ጣሳዎቹ ሌሊቱን ሙሉ የእሱን ትንፋሽ ጠጥተው ቢሆን ኖሮ በኪሎ በኪሎ በከበዱ ነበር። ምንም አልጠጡም። ማታ ሲገቡ ጀምሮ የጠገቡ ነበሩ፤ አርፈው የነጡ ያለቁ ጣሳዎች። አንድ ሰው ከመደርደሪያው አዲሶቹን አንስቶ በነዚህ ተካቸው። ሳጅን፣ አዲሶቹ የት ተገኙ?»

«ካለቁት መሐል ተደብቀው። አራቱም እስከ አፋቸው ሙሉ ናቸው፤ ቢወዘወዙ አይንሿሹም።»

«እንግዲህ ገዳዩ አንድ ችግር ነበረበት። ያለቀ ጣሳ ይከብዳል፤ ዘበኛው ይመዝናል። ሌላ ቦታ ያለ ነፍሰ ገዳይ ይህ አያስጨንቀውም ነበር፤ የእናንተ ሰው ግን ሳይመዝን መግደል አይችልም። ከየጣሳው ጠጠር ቀነሰና ልክ አምስት ኪሎ አደረገው። ሚዛንም ሚዛኑን አምኖ ተኛ። ለዚህ ነው ጣሳዎቹ የሚንሿሹት፤ ከአፋቸው ሁለት ጣት ጎድለዋል።»

«ጎበዝ ነው» አለ መሐንዲሱ ሳያስበው።

መርማሪዋ ዞር ብላ አየችው። እንጨቱን ከአፉ አወጣ።

«የተረፈው አራት ኪሎ ያህል ጠጠር የት ይግባ? ቆሻሻው በየማታው በየክፍሉ ይመዘናል። ውኃ መውረጃ ውስጥ ቢደፋ ተመልሶ የምትጠጡት ውኃ ውስጥ ይመጣል። በቦርሳ እንዳይወጣ ያ መውጫው ላይ ያለው ሚዛን ይናገራል። ያለቁት ጣሳዎች ሙሉ ናቸው፤ አይጨምሩም። የቀረው ሁሉም ሰው ‹ተመዝኗል፤ ሙሉ ነው› ብሎ ያመነበት ነገር ብቻ ነው። ሳጅን፣ አሻንጉሊቶቹን አውርዳቸው።»

ሳጅኑ የመጀመሪያውን አቅፎ እያቃሰተ አወረደ። አሸዋ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በዘበኛው እርዳታ እየጎተቱ አወጡ። አራተኛውን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ኃይሉን ሲሰበስብ አሻንጉሊቱ ከእጁ ብድግ አለና እሱ ራሱ ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ማንም አልሳቀም። ሳጅኑ የቱታውን ዚፕ ሲከፍተው ቢጫ ስፖንጅ ፈነዳ፤ ከስፖንጁ መሐል ነጭ ጠጠር የሞላበት ፌስታል ወድቆ ተዘረገፈ።

ቱታው ደረት ላይ የተጠለፈው የልጅቷ ስም ነው።

«ሌላ ማንም ሰው እዚህ ውስጥ ቦታ እንዳለ አያውቅም ነበር» አለች መርማሪዋ። «አሸዋ የሞላ ነገር ውስጥ ፌስታል ለመደበቅ ማን ያስባል? ባዶ መሆኑን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ያሠሩት እርስዎ፣» ወደ ኬሚስቷ ዞረች፣ «እና ትናንት አሻንጉሊቶቹን አንድ በአንድ ያነሳቸው ሚዛን። የልጁን ቱታ የለበሰው ነገር በእጁ ላይ ላባ ሆነበት። ወጥቶ ልጁን ራሷን አነሳት። ‹አንቺ ትከብጃለሽ› ያላት ለዚህ ነው።»

ልጅቷ ከኬሚስቷ ክንድ ቀስ ብላ ወጣች።

ኬሚስቷ ለመካድ አልሞከረችም። ለሒሳብ ስህተት ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የተናገረችው። «እዚያ የሚሠራው ነዳጅ ከሦስት ሰው በላይ አያነሳም። ይህን ብናገር የመሐንዲሱ ዓሣ ነባሪ ያሸንፍና ለዘላለም ማንም አይሄድም። ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ ጊዜ ነበረን፤ አንድ መላ ይገኝ ነበር።»

«ባይገኝስ?» አለች መርማሪዋ።

ኬሚስቷ ወደ ባዶዎቹ አራት ወንበሮች አየች።

«ሚዛንስ ምን አለዎት?»

«‹ነገ ራስሽ ንገሪያቸው፤ ቀድሜሽ አልናገርም› አለኝ።» እዚህ ላይ ብቻ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። «ጥሩ ሰው ነበር።»

«አክስቴ» አለች ልጅቷ። «ለምን የኔን ልብስ?»

«አንቺ ቀጭን ነሽ፤ ስፖንጁ…» ኬሚስቷ አቆመች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፤ ፊቷ ላይ እውነተኛ ፍቅር ነበር፤ ይህም ነገሩን ይበልጥ አስጸያፊ አደረገው። «አንድ ሰው መቅረት ካለበት፣ አንቺ እሺ እንደምትይኝ አውቅ ነበር። እኔ ነኝ ያሳደግኩሽ።»

መርማሪዋ ከኪሷ መሐረቧን አውጥታ አፏ ላይ ያዘች። ጠዋት ምድር ቤት ሲያቅለሸልሻት የነበረው የሰው ላብና ሽንት ነው፤ ይታጠባል፣ ይጣራል። ይህችን ሽቶ የተቀባች ሴት በምን እንደሚያጠቧት አላወቀችም። ለሳጅኑ በዓይኗ ምልክት ሰጠችው፤ እሱም የእጅ ሰንሰለቱን አወጣ።

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «በጣም ያሳዝናል። ግን… ቦርዱ እየገባ ነው። ምን እንበላቸው? የመሐንዲሱን ይዘን ብንቀርብ ይሻላል?»

መሐንዲሱ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«እርስዎ ከኛ ጋር ነው የሚሄዱት» አለችው መርማሪዋ ዳይሬክተሩን። «ደወሉን ማን እንዳዘጋው የሚጠይቅዎ ሰው አለ።»

ልጅቷ ይህን ሁሉ አልሰማችም። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ቱታዋን ከስፖንጁ ላይ እየገፈፈች ነበር። እጅጌውን አንድ በአንድ አወጣች። አራገፈችው፤ የተጣበቀው ጠጠር በሚያብለጨልጨው ወለል ላይ ተበተነ። አጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችውና ወደ መውጫው ሄደች።

ዘበኛው ከልማዱ ብዛት እጁን ወደ ሚዛኑ ዘረጋ። «እዚህ ላይ…» ሲል ፊቷን አየና ቃሉን ዋጠ።

ልጅቷ ብረቱን በአንድ እርምጃ ተሻግራ ወጣች። ከኋላዋ የሚዛኑ ቁጥር ዜሮ ላይ እንዳለ ቀረ።